አገረ ገዢው ያወጀው አስቸኳይ ጊዜ መቼ ነው የሚያበቃው?

ፔንሲልቬንያ ያላችሁ ወገኖች፣ ጥያቄው ስለተደጋገመ ላስረዳ። «እሱ ካወጀ እሱ እስኪያነሳው ነው» የምትሉት የድሮውን ነው። ድሮ አዋጁ 90 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ አገረ ገዢው ራሱ ያድሰዋል። በ2020 ሕግ አውጪዎቹ የኮቪዱን አዋጅ ለማንሳት ድምፅ ሰጡ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ውሳኔው ለአገረ ገዢው ፊርማ መቅረብ አለበት አለ። ያወጀው ሰው ካልፈረመ፣ ድምፃቸው ሁለት ሦስተኛ ካልሞላ በቀር አይነሳም ማለት ነው።

በሜይ 2021 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። አሁን አዋጁ 21 ቀን ብቻ ነው። የሚራዘመው ሁለቱም የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች ሲስማሙ ነው። ቀድመው ማንሳትም ይችላሉ፤ በአብላጫ ድምፅ፣ ያለ ፊርማ።

ለምሳሌ ወንዝ ሞልቶ ሰፈር አጥለቀለቀ እንበል፤ አዋጅ ወጣ። ምክር ቤቶቹ ዝም ካሉ 21 ቀን ሲሞላ ያበቃል። «በዚያው ጎርፍ እንደገና አወጅኩ» ማለት ያለ እነሱ ፈቃድ አይቻልም። ብዙ ሰው የሚስታት ይቺን ነው። ሌላ አዲስ አደጋ ከመጣ ግን አዲስ አዋጅ ማውጣት ይችላል።

ይሄ የፔንሲልቬንያ ብቻ ነው። ሚኒሶታ ወይም ሜሪላንድ ላለ ዘመድ ቀኑም አሠራሩም ይለያል፤ የራሱን ስቴት ሕግ ይይ።