ደጋግሞ መናዘዝ የማያሳርፈው ልብ፦ ስለ ኦሲዲ ለምእመናን የተጻፈ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከቅዱስ ቍርባን በኋላ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ከቤተ ክርስቲያን የምትወጣ እኅት ሁላችንም እናውቃለን፤ ሥርዓቱ ነውና መልካም አደረገች። ከእነዚህ እኅቶች አንዳንዷ ግን የቅዳሴውን ጠበል ደጋግማ ከጠጣች በኋላ እንኳ ከቅዱስ ሥጋው በጥርሶቿ መካከል የቀረ እንዳለ በምላሷ ስትዳስስ ትውላለች፤ ሰው ሲያናግራት ምራቅ እንዳይወጣ ፈርታ አንገቷን ብቻ ትነቀንቃለች፤ ሌሊት ትራሴን ምራቅ ነክቶት ይሆን ብላ የትራሱን ልብስ ታጥባለች፤ ያጠበችበትንም ውኃ ሰው የማይረግጠው ቦታ ፈልጋ እስክትደፋ ድረስ አትተኛም። እያደር ከመቍረብ ትቀራለች። ጎረቤት «ቀዘቀዘች» ይላታል፤ እርሷ ግን የቀረችው ከፍርሃቷ ብዛት ነው።

ይህ ሕመም በሕክምናው ዓለም ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ በአጭሩ ኦሲዲ ይባላል። ሁለት ነገሮች ተያይዘው ይገኙበታል፦ አንደኛው ሰው ሳይፈልገው እየተመላለሰ የሚያስጨንቀው ሐሳብ ወይም ምስል ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንን ጭንቀት ለማብረድ ሲል ሳያደርገው ማለፍ የማይችለው ድርጊት ነው። ድርጊቱ መታጠብ፣ በር መዘጋቱን ተመልሶ ማየት ወይም መቍጠር ሊሆን ይችላል፤ በልብ ብቻ ጸሎትን መድገምና ሰውን ደጋግሞ መጠየቅም ከዚሁ ይመደባል። ከ100 ሰዎች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን በሕይወት ዘመናቸው የሚያገኛቸው ሕመም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል፤ በቤተሰብ ውስጥ የመውረድ ዝንባሌም አለው። ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባው፣ ሕመሙ ሰው አጥብቆ የሚሳሳለትን ነገር መርጦ መያዙ ነው። አራስ እናትን በልጇ ያስጨንቃታል፤ እግዚአብሔርን የሚወደውን ሰው ደግሞ በእግዚአብሔር።

ስለዚህ በእኛ ዘንድ መንፈሳዊ ትጋት መስሎ ይገለጣል። ውዳሴ ማርያም የሚደግም ወንድም «ልቤ ተበትኖ ነበር» ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ አንዲት ቃል ያላጠራ ሲመስለው እንደገና ይመለሳል፤ በአጭር ጊዜ የሚያልቀው ጸሎት ሰዓታት ይፈጅበትና ሥራው ይረፍዳል። ሌላዋ በእመቤታችን ሥዕል ፊት በቆመች ቍጥር ለመናገር የሚከብድ የስድብ ቃል ወይም የዝሙት ምስል ይመጣባታል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተጻፈውን አስባ «መንፈስ ቅዱስን ሰድቤአለሁ፤ ከእንግዲህ ስርየት የለኝም» ትላለች። ሌላው ተናዞ ቀኖናውን ከፈጸመ በኋላ «ነገሩን በትክክል አልገለጽሁት ይሆናል» ብሎ ስለዚያው ኃጢአት በማግሥቱ ለንስሐ አባቱ ይደውላል።

እንዲህ ያለው ሐሳብ መምጣቱ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የበሽታ ምልክትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማን እና ዴ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ጠይቀው፣ አብዛኞቹ ያልፈለጉት ነውረኛ ወይም አስፈሪ ሐሳብ አልፎ አልፎ እንደሚመጣባቸው አሳይተዋል። ጤነኛው «ምን ዓይነት ሐሳብ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ታማሚው ግን «ይህን ያሰብሁ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ይይዘዋል፤ ሊያጠፋው ይታገላል፣ ያማትባል፣ ይሰግዳል፣ ይናዘዛል። ለጊዜው ይቀልለዋል፤ ያ መቅለሉ ግን «በእርግጥ አደጋ ነበር፤ ያዳነህም መድገምህ ነው» ብሎ አእምሮውን ያስተምረዋል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ጥርጣሬ ፈጥኖና በርትቶ ይመጣል። እንደሚያሳክክ ቍስል ነው፤ ሲያኩት ያስደስታል፣ ቍስሉ ግን ይሰፋል።

እውነተኛ ጸጸት ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል፤ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲለው ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። ይህ ሕመም ግን ፍትሐትን አያምንም፤ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይሻል። የሚጠይቀው መቶ በመቶ እርግጠኝነት ነው፤ እንዲህ ያለው እርግጠኝነት ደግሞ ለማንኛችንም አልተሰጠንም፤ የተሰጠን እምነት ነው። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ልባችን ሲፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን እንደሚበልጥ የጻፈው ለእንዲህ ያለው ሰው ታላቅ መጽናኛ ነው፤ የልባችን ክስ የመጨረሻው ፍርድ አይደለምና።

የጥንት አባቶች ይህን ፈተና ያውቁት ነበር። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደብረ ሲና አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማኮስ፣ በስድብ ሐሳብ 20 ዓመት ስለተሠቃየ አንድ መነኵሴ ጽፏል። መነኵሴው በጾምና በትጋሃ ሌሊት ሰውነቱን አደከመ፤ ምንም አልቀለለውም። በመጨረሻ ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ለአንድ አረጋዊ ሰጠና ቀና ብሎ ለማየት አፍሮ በግንባሩ ተደፋ። አረጋዊው አንብቦ ፈገግ አለ፤ አነሣውና እጁን በአንገቱ ላይ እንዲያኖር አዘዘው። ያለፈውም የሚመጣውም በእኔ አንገት ይሁን፤ አንተ ግን ከእንግዲህ ቦታ አትስጠው አለው። ያ መነኵሴ ዳነ። ክሊማኮስ ሐሳቡን የአጋንንት ውጊያ ይለዋል፤ እኛም መንፈሳዊ ውጊያን አንክድም። ልብ የምለው ግን አረጋዊው ያዘዘውን ነው፤ ጾም አልጨመረበትም፣ ስግደት አልጨመረበትም፤ ከሐሳቡ ጋር መከራከሩን አስተወው እንጂ።

ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ ከንግግር ሕክምናዎች ሁሉ ለዚህ ሕመም በይበልጥ የተመሰከረለት ዘዴ ከዚህ ጋር መቀራረቡ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ቪክቶር ማየር የተባለ በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ሕክምናቸው የጻፈላቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ታካሚዎች፣ አንዷ በመታጠብ ሌላዋ በስድብ ሐሳብ የተሠቃዩ ነበሩ። እያንዳንዷ የምትፈራውን ነገር በፈቃዷ እንድትጋፈጥ፣ ጭንቀቱን የምታበርድበትን ድርጊት ግን እንዳትፈጽም አደረገ። ጭንቀት መጀመሪያ ከፍ ይላል፤ ካልመገቡት ደግሞ ራሱ ይወርዳል፤ ይህን ሰው በተደጋጋሚ በገዛ ሰውነቱ ሲያየው ሕመሙ ኃይሉን ያጣል። ሥራው በቀላሉ ከሚፈሩት ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ከባዱ ይሄዳል። ጸሎቱን የሚደግመው ወንድም ለምሳሌ አንድ ጊዜ ብቻ ይጸልያል፤ «አላጠራሁም» የሚለው ስሜት ሲመጣ «ምናልባት አላጠራሁ ይሆናል» ብሎ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ስድብ ተናገር ወይም ቅዱሱን አቃልል ብሎ የሚያዝ ሕክምና ግን አያስፈልግም፤ ልኩን ካህኑና ባለሙያው ተነጋግረው ሊወስኑት ይገባል። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሐኪማችሁ ሥርዓታችንን ላያውቅ ስለሚችል፣ ጤነኛ ምእመን ከቍርባን በፊትና በኋላ የሚያደርገው ምን ያህል እንደሆነ ካህኑ ቢያስረዳለት ትልቅ እርዳታ ነው።

አባቶቼ ካህናት ሆይ፣ በእግራችሁ ሥር ወድቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ስለ ተናዘዘው ኃጢአት ደጋግሞ የሚመጣውን ልጃችሁን በየጊዜው አዲስ ቀኖና አትጨምሩበት፤ በየጊዜውም «ተፈትቶልሃል» እያላችሁ አታጽናኑት፤ ማጽናናቱም ከመድገሙ ይቆጠራልና። የሚናዘዝበትን ጊዜ ወስናችሁ፣ የተፈታውን ኃጢአት ዳግመኛ እንዳያነሣ በሥልጣናችሁ እዘዙት፤ ለእንዲህ ያለው ሰው መታዘዝ ማለት አለመድገም ነው። እናትና እኅትም «እግዚአብሔር ይቅር ይለኝ ይሆን?» ለሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ ከመስጠት ይልቅ «ይህ ሕመሙ የሚጠይቀው ነው፤ አልመልስልህም፤ ና ቡና እንጠጣ» ቢሉት ይረዱታል። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ፍቅር ነው።

መድኃኒትም አለ። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የመሳሰሉት ለብዙዎች ይረዳሉ፤ ክሎሚፕራሚንም ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ ለድባቴ ከሚታዘዘው ከፍ ባለ መጠን ይሰጣሉ፤ ውጤታቸውም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ማቋረጥ አይገባም፤ ሲሻልም በራስ ፈቃድ በድንገት መተው አይገባም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብርና መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ ጠበል የሚጠመቁ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል፤ ለአእምሮ ሕመምም ነገሩ ያው ነው። ጠበል መጠመቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ታማሚውን «ርኩስ መንፈስ አለብህ» ማለት፣ አስቀድሞ ራሱን እንደ ርኩስ ለሚቈጥር ሰው ሸክም መጨመር ነው። በጾም ወራት መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያን በጾም እንደማታስገድድም አትርሱ።

በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በጎንደርና በጅማም የዩኒቨርሲቲዎቹ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ወደ ሐኪም ስትገቡ «ይጨንቀኛል፤ እንቅልፍ የለኝም» ብላችሁ ብቻ አትውጡ፤ ብዙዎች ሐሳባቸውን አፍረው ስለሚደብቁ ለሌላ ሕመም እየታከሙ ዓመታት ያልፋሉ። የሚመጣባችሁን ሐሳብ፣ ስንት ጊዜ እንደምትደግሙና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚወስድባችሁ በግልጽ ንገሩ። ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ካለ ደግሞ እርሱን አስቀድማችሁ፣ በዚያው ቀን ተናገሩ።