የወፍጮ ቤቱ ተማሪ፦ መንፈሳዊ ጥበብና ሥጋዊ አስተሳሰብ በወሎ ክርስትና

በወሎ ገዳማትና አብነት ትምህርት ቤቶች ስለ ጥበብ ሲነሳ «የትኛዋ ጥበብ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሳል። መነሻው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ሁለቱን ጥበቦች በፍሬያቸው ይለያቸዋል፤ ቅንዓትና አድመኛነት ያለባት ምድራዊት ስትሆን ከላይ የምትመጣው ንጽሕት፣ ታራቂ፣ ገርና ምሕረት የሞላባት ናት። ጳውሎስም የዚህ ዓለም ጥበብ በእግዚአብሔር ፊት ሞኝነት እንደሆነ ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 3፥19)። ይህን ጥቅስ ብቻ ነጥሎ የሚያነብ ሰው ቤተ ክርስቲያን መማርን የምትነቅፍ ሊመስለው ይችላል። ወሎን የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ለዚህ ዋናው ምስክር ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚሁ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» (የሰዓት ጠባቂ) የሚለውን ማዕረግ ይዞ በነገሥታቱ ዘንድ ትልቅ ሥፍራ ነበረው። ለቤተ መንግሥት የመቅረብ ክብርና ከዓለም የመለየት መሐላ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲያርፉ ፈተናው ቀላል አይሆንም።

ከሐይቅ ደቀ መዛሙርት መካከል የዚህን ጉዳይ ምሥጢር እንደ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የሚያሳይ የለም። ዛሬ በመጽሐፈ ምሥጢርና በሰዓታት ድርሰታቸው የምናውቃቸው እኒህ ሊቅ፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ ወደ ገዳሙ ገብተው ለዓመታት ትምህርት አልዘልቅ ብሏቸው ነበር። ጓደኞቻቸው ትምህርታቸውን ሲቀጽሉ እርሳቸው እህል እየፈጩ ማኅበሩን ያገለግሉ ነበር። ወፍጮ በድንጋይ ላይ ድንጋይ እየገፉ፣ በጉልበት ተንበርክከው፣ ዱቄቱ ቅንድብ ላይ እየሰፈረ የሚሠራ ሥራ ነው፤ በየቤቱም የሴቶች ሥራ ተብሎ ስለሚቆጠር ለአንድ የሹም ልጅ ውርደት ነበር። በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሱ ሲለምኑ ጽዋዐ ልቡና፣ ማለትም የማስተዋል ጽዋ፣ ተሰጣቸው ይላል ትውፊቱ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተአምሩ በፊት ያለው ረጅም ጊዜ ይበልጥ ይነካኛል። ጽዋው የቀረበላቸው በወፍጮው ላይ ለቆዩ እጆች ነው፤ ከጠጡም በኋላ መጽሐፍ መግለጡን፣ መጻፉንና ማስተማሩን አላቆሙም።

የቆሎ ተማሪ ልማድም ከዚሁ የትሕትና ትምህርት ጋር ይያያዛል። ደበሎ የለበሰ ልጅ አኩፋዳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ ውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቁራሽ እንጀራ ወይም ጭብጥ ቆሎ ያገኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ውሻ ብቻ ይቀበለዋል። አባቱ በሬና ጎተራ ያለው ተማሪም ከመለመን አይቀርም፤ መምህራን ልመናን የትዕቢት መድኃኒት አድርገው ያዩታልና።

በሰሜን ወሎ የሚገኘው ዋድላ በቅኔ ትምህርት ስመ ጥር ነው፤ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የራሱ የቅኔ መንገድ ያለው ቤት ነው። ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። በመጻሕፍተ መነኮሳት ትርጓሜ ደግሞ የመንፈስ ጉዞ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስና ንጽሐ ልቡና ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ልቡና የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ሥጋዊ አስተሳሰብ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ ብቻ የሚኖር አይደለም። በ1878 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ የጠሩት ጉባኤ የክርስቶስን ባሕርይ በሚመለከት የነበረውን ክርክር ሲቋጭ፣ አብሮት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የሚያስገድድ አዋጅ መጣ። ብዙዎች ከአገር ተሰደዱ፤ ሌሎችም ከውስጥ ሳያምኑ ተጠመቁ። እምነትን በአዋጅ የሚያስገባ ጥበብ ያዕቆብ የገለጻት ገርና ታራቂ ጥበብ እንዳልሆነች ለእኔ ግልጽ ነው። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ዛሬም ሲጋቡ፣ በሐዘንና በሠርግ ሲተጋገዙ ያየ ሰው ያ አዋጅ ከሕዝቡ ልብ ምን ያህል የራቀ እንደነበር ይረዳል።

በየቤቱ ያለው ፈተና ግን ከሁሉ የቀረበው ተዝካር ነው። የአርባ ቀን ተዝካር ዓላማው ለሟቹ ጸሎት ማድረስና ድሃ ማብላት ነው። ይሉኝታ ሲገባበት ግን ድንኳኑ ይሰፋል፣ ጠላው ይበዛል፣ የሟች ልጅ ብድር ይበደራል ወይም የእርሻ በሬውን ይሸጣል፤ በማዕዱም ከድሃ ይልቅ ባለጸጋ ጎረቤት ይታደማል። አስተዋይ የንስሐ አባት ከለቅሶው ማግስት ጀምሮ ቤተሰቡን ይመክራል፦ ጸሎቱ በቤተ ክርስቲያን ይድረስ፣ ከአጥቢያው ችግረኞች ጥቂቶች ተጠርተው ይብሉ፣ በሬውም ለመኸር እርሻ ይቆይ።