ፓጄ፦ የዛንዚባሯ የባሕር ዳርቻ መንደር ነፋስና ትንበያው

ፓጄ በዛንዚባር፣ በኡንጉጃ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በብዌጁና በጃምቢያኒ መካከል የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ከዳርቻው ራቅ ብሎ የተዘረጋው የኮራል አለት የሕንድ ውቅያኖስን ትልልቅ ማዕበል እዚያው ይሰብረዋል። ከአለቱ ወዲህ ያለው ውሃ ጥልቀት የሌለው፣ ታቹ ነጭ አሸዋ ነው። ነፋሱ ግን የሚያግደው ነገር ሳይኖር ይደርሳል። ፓጄ በካይትሰርፊንግ፣ ማለትም ካይት በሚባል ነፋስ በሚጎትተው ትልቅ ጨርቅ እየተሳቡ በሰሌዳ ላይ ቆሞ በውሃ ላይ በመንሸራተት ስፖርት፣ የታወቀችው በዚህ ነው።

ዓመቱን የሚገዙት ሁለት የሞንሱን፣ ማለትም ወቅት ጠብቀው የሚፈራረቁ፣ ነፋሳት ናቸው። ካስካዚ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ሞቃት ነው። ኩሲ ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ የበረታና ብዙም የማያቋርጥ ነው። የዓረብ፣ የፋርስና የሕንድ ነጋዴዎች ለዘመናት በካስካዚ መጥተው በኩሲ ተመልሰዋል። በመካከል፣ በተለይ ማሲካ በሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የዝናብ ወቅት፣ ነፋሱ ይደክማል፤ አቅጣጫውንም ይቀያይራል።

ኩሲ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ይኸው የአየር ፍሰት የምድር ወገብን ከተሻገረ በኋላ ወደ ቀኝ እየታጠፈ የሶማሌ ጄት የሚባለው ብርቱ ነፋስ ይሆናል፤ የኢትዮጵያ ክረምት ዝናብም ከእርሱ ጋር የተሳሰረ ነው።

የፓጄን ትንበያ የሚከፍት ሰው ሁለት ቁጥሮች ያገኛል፦ አማካይ ፍጥነትና የድንገተኛ ነፋስ ፍጥነት። በዓለም አቀፉ ልማድ አማካዩ የ10 ደቂቃ ሲሆን፣ ድንገተኛው በ3 ሰከንድ ውስጥ የተመዘገበው ከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ ሁለቱም ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካሉ። ልዩነታቸው በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። በመሆኑም ከ15 ኖት ወደ 21 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ28 ወደ 39 ኪሎ ሜትር፣ የዘለለ ነፋስ ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ለ15 ኖት የተመረጠ ሰፊ ካይት ያን ጊዜ ባለቤቱን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ከአማካዩ ይልቅ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ርቀት ማየት ይበልጣል። ከባሕር የሚመጣ ነፋስ ዛፍም ቤትም ስለማያውከው በፓጄ ርቀቱ ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው። ሰፍቶ ከታየ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የዝናብ ደመና ነው፤ በትነት የቀዘቀዘው አየር ከዝናቡ ጋር ወርዶ በውሃው ላይ ሲሰራጭ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይበረታል፣ አቅጣጫውንም ይለውጣል። የዓለም አቀፍ ትንበያ የኮምፒውተር ሞዴሎች ግን ምድርን በአራት ማዕዘኖች ከፋፍለው ስለሚያሰሉ፣ እንዲህ ያለ አንድ ደመና በአንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ በቀላሉ ይጠፋል፤ የአውሮፓው የአየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል ሞዴል እንኳ የአራት ማዕዘኖቹ ስፋት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንገተኛውን ነፋስም በግምት ቀመር ነው የሚያወጣው። ከአለቱ ማዶ ጥቁር ደመና እየቀረበ ከሆነ ስልኩን ትቶ ቶሎ ወደ ዳር መውጣት ይገባል።

ሁለቱ ወቅታዊ ነፋሳት በሰያፍ ወደ ዳርቻው መንፈሳቸው ትልቅ ጸጋ ነው፤ መቆጣጠር ያቃተው ሰው የሚገፋው ወደ አሸዋው እንጂ ወደ ውቅያኖሱ አይደለም። ከደመና የሚወርደው ነፋስ ግን ይህን ዋስትና አይሰጥም።

ትንበያው ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ጋር ካልተነበበም ጎዶሎ ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ሰፊ አሸዋ ይገለጣል። ያን ጊዜ የመንደሩ ሴቶች በ1989 እ.ኤ.አ. ወደ ፓጄና ጃምቢያኒ የገባውን የባሕር አረም እርሻ ለመንከባከብ ይወርዳሉ። እንጨትና ገመዳቸው ውሃው ሲመለስ ስለሚሸፈን፣ የእንግዳ ካይት የሰው ማሳ ላይ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ግዴታ ነው።

የታንዛኒያ የሚቲዎሮሎጂ ባለሥልጣን በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነፋስና ከ2 ሜትር የሚያልፍ ማዕበል ሲጠበቅ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በኩሲ ወቅት ይህ ማስጠንቀቂያ ችላ የሚባል አይደለም፤ ሐምሌ 18 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር በርካታ ሰዎች ጭና የተነሳችው ስካጊት መርከብ በብርቱ ነፋስና ማዕበል ውስጥ ቹምቤ ደሴት አቅራቢያ ሰጥማለች። አውሎ ነፋስ ለምድር ወገብ በቀረበው በዚህ አካባቢ ብርቅ ቢሆንም፣ በሚያዝያ 1872 እ.ኤ.አ. የመጣው የዛንዚባርን የቅርንፉድ እርሻና መርከቦች አውድሟል።