ከጎጃም ሆኖ የሳይበር ደህንነት አመራር ዶክትሬት በኦንላይን መማር

የሳይበር ደህንነት አመራር ዶክትሬት ሲባል ብዙ ሰው ሀከር የሚያሰለጥን ትምህርት ይመስለዋል። ትምህርቱ ግን በዋናነት ስለ ውሳኔ ነው። ያለችው በጀት የትኛውን አደጋ ለመከላከል ትዋል? ሲስተሙ ሲጠቃ መጀመሪያ ማን ይጠራ? ለደንበኛውስ መቼ ይነገረው?

እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የነዳጅ መስመር በሳይበር ጥቃት ለቀናት ቆሞ ነበር። አጥቂዎቹ የገቡት ማንም በማይጠቀምበት፣ ግን ባልተዘጋ አንድ የቪፒኤን (ከርቀት ወደ ኩባንያው ኔትወርክ የሚያስገባ) አካውንት ነው። ከይለፍ ቃል በቀር ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው ለአጥቂዎቹ ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። አካውንት መዝጋት የደቂቃ ሥራ ነው። ታዲያ መዘጋቱን መከታተል የማን ድርሻ ነበር? የአመራር ጥናት የሚነሳው ከእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የተሻሻለ የሳይበር ደህንነት ማዕቀፍ፣ በነበሩት አምስት ተግባራት ላይ ማስተዳደርን ስድስተኛ አድርጎ ጨምሯል።

በዘርፉ የኦንላይን ዶክትሬት ከሚሰጡት መካከል በሜሪላንድ ያለው ካፒቶል ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና በደቡብ ዳኮታ ያለው ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይገኙበታል። ብዙውን ጊዜ ማስተርስ ይጠየቃል። ከሦስት ዓመት በታች መጨረስ ከባድ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ተማሪው ለጥቂት ቀናት በአካል እንዲመጣ ይፈልጋሉ። ያ ማለት ቪዛ ነው፤ ከመመዝገብ በፊት ይጠየቅ።

ጎጃም ለዚህ ባዕድ አገር አይደለም። የባሕር ዳሩ ፖሊ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ቴክኒክ ሲያስተምር ኖሯል። ደብረ ማርቆስና እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ከእነዚህ ግቢዎች ማስተርሱን ይዞ፣ ሥራና ቤተሰብ ሳይለቅ መቀጠል ለሚፈልግ ሰው ኦንላይን ጥሩ መንገድ ነው።

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። አሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚጀመር ክፍል፣ ደብረ ማርቆስ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። ጠዋት ደግሞ ቢሮ አለ። ስለዚህ ቀጥታ መግባት ግዴታ ነው ወይስ የተቀዳውን ማየት ይቻላል የሚለውን አስቀድሞ ማጣራት ነው። መብራትና ኔትወርክም አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በኋላ በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ቢደገም ዩኒቨርሲቲው ያለ ቅጣት ትምህርት ማቋረጥ ይፈቅዳል? መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይሻላል።

ክፍያው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የዶላር ዋጋ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ ኮርሱን ጨርሰው መመረቂያ ጽሑፉ ላይ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ጽሑፉ በዘገየ ቁጥር ክፍያ ይጨመራል። ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ አማካሪው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ መጠየቅ ይበልጣል ባይ ነኝ። የቅኔ ተማሪ ዋሸራ ድረስ በእግሩ የሚሄደው መምህሩን ብሎ ነው።

ዲግሪው እዚህ እንዲሠራ የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ያስፈልጋል። ኦንላይን ዲግሪን እንዴት እንደሚያዩት ገንዘብ ከመክፈል በፊት እዚያው መጠየቅ ነው።

የምርምር ርዕስ ለማግኘት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ወረዳ ላይ ማን ያስፈጽማቸዋል? ከቴሌብር በኋላ ገንዘብ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ጤፍ ሸጦ የሚመለስ ገበሬ ተደውሎለት፣ "የላክንልህን ቁጥር ንገረን" ሲባል ይናገርና ሒሳቡ ባዶ ይሆናል። ገበሬውን ከማስጠንቀቅ ባለፈ ተቋሙ ምን ማድረግ ነበረበት? ማንስ ይጠየቃል? ቡሬ ወይም ሞጣ ገበያ ላይ መረጃ ሰብስቦ ይህን የሚመልስ ሰው፣ ሜሪላንድ ያለ አማካሪ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ይዞ ይቀርባል።