ሰዋስው እና አስተሳሰብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ቋንቋና አስተሳሰብ ዝምድና ሲወራ ተረት ቶሎ ይበዛል። «የእነ እገሌ ቋንቋ ነገን የሚያመለክት ግስ ስለሌለው ስለ ነገ አይጨነቁም» የሚል ወሬ ለጆሮ ይጥማል፤ ለማጣራት የሚደክም ግን ጥቂት ነው። በብዛት ከሚደጋገሙት አንዳንዶቹን እንፈትሽ።

«በሰዋስው ውስጥ የሌለ ነገር በአእምሮም ውስጥ የለም»

የዚህ እምነት ዝነኛ ምስክር በአሜሪካ አሪዞና የሚነገረው የሆፒ ቋንቋ ነበር። የእሳት አደጋ መድን ባለሙያ የነበረው ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሆፒ ጊዜን በቀጥታ የሚያመለክት ቃልም ሆነ ሰዋስዋዊ ቅርጽ የለውም ብሎ ጻፈ። የቋንቋ ምሁሩ ኤኬሃርት ማሎትኪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ከ600 ገጽ በላይ ያለው ጥናት ግን ሆፒዎች ቀንና ወቅት እንደሚቆጥሩ፣ ለወደፊት ጊዜም በግሱ ላይ የሚጨመር ምዕላድ (ቅጥያ) እንዳላቸው አሳየ። ደግሞስ ምዕላዱ ባይኖር ምን ይጎድል ነበር? የማንዳሪን ቻይንኛ ግስ ለኃላፊም ለትንቢትም ቅርጹን አይለውጥም። በአማርኛም «በየቀኑ ይመጣል» እና «ነገ ይመጣል» ስንል ግሱ አንድ ነው፤ ልማድንና ነገን የሚያምታታ ግን የለም።

«እንግዲያው ሰዋስው አስተሳሰብን በፍጹም አይነካም»

ከመጀመሪያው ስህተት የሸሹ ብዙዎች እዚህኛው ላይ ይወድቃሉ። የቋንቋ ምሁሩ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ነገሩን በጥሩ መንገድ አስቀምጦታል፤ ቋንቋዎች በዋናነት የሚለያዩት ሊናገሩት በሚችሉት ሳይሆን ሳይናገሩት ሊያልፉ በማይችሉት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ፊቱ ላለው አንድ ሰው «መጣህ»፣ «መጣሽ» ወይም «መጡ» ከማለት አያመልጥም። ጾታን ወይም አክብሮትን ሳይወስን ግሱን መጨረስ አይችልም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለማያውቀው ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ይህ ጣጣ የለበትም። ቱርክኛ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ እንግዳው ሲመጣ ያየ ሰው «ጌልዲ» ይላል፤ ከሌላ የሰማ ወይም ከምልክት የገመተ «ጌልሚሽ» ይላል። በኮሎምቢያና በብራዚል ድንበር አካባቢ የሚነገረው ቱዩካ እንዲህ ያለውን የመረጃ ምንጭ በአምስት ይከፍላል። እነዚህ ተናጋሪዎች አይዋሹም ማለት አይደለም። ውሸታቸውንም ከነምንጩ ማቅረብ ይኖርባቸዋል እንጂ።

ይህ የዕለት ተዕለት ግዴታ ትኩረትን ወደ አንድ አቅጣጫ ሊስብ ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኬትሊን ፎሲ እና ሌራ ቦሮዲትስኪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ተናጋሪዎች አጫጭር ፊልሞችን ተመለከቱ። ሆን ተብሎ በተደረገ ነገር ሁለቱም ወገኖች «ሰበረው» ዓይነት አነጋገር ተጠቀሙ፤ አድራጊውንም እኩል አስታወሱ። በድንገት በደረሰ ነገር ግን ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ወደ «ተሰበረ» አዘነበሉ፤ አድራጊው ማን እንደነበር በማስታወስም ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አነሱ። ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ የማሰብ አቅምንም አይመለከትም። ለእኔ ግን ከሆፒ ተረት ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ሰዋስው ያለ ብዙ ጫጫታ የሚሠራው እንዲህ ባለ ቦታ ነውና።

«የሰዋስው ጾታ የሕዝቡን አመለካከት ያሳያል»

ፀሐይ በጀርመንኛ አንስታይ፣ በፈረንሳይኛ ተባዕታይ ናት። ጀርመንኛ «ልጃገረድ» የሚለውን ቃል ከሁለቱም አውጥቶ በገለልተኛ ጾታ ይመድበዋል፤ ምክንያቱ ንቀት ሳይሆን ቃሉ የሚያልቅበት ትንሽነትን የሚያሳይ ምዕላድ ነው። ፊንላንድኛና ፋርስኛ «እሱ»ንና «እሷ»ን በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራሉ። ሆኖም ሴቶች በፊንላንድ የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1906፣ በኢራን በ1963 ነው። ተውላጠ ስም ሕግ አያወጣም።

«የቃላት ቅደም ተከተል የሐሳብ ቅደም ተከተል ነው»

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ጎልዲን-ሜዶው እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛና ቱርክኛ ተናጋሪዎች ሳይናገሩ በእጃቸው ብቻ ድርጊቶችን እንዲገልጹ ጠየቁ። አራቱም ወገኖች ባመዛኙ መጀመሪያ አድራጊውን፣ ቀጥሎ ተደራጊውን፣ በመጨረሻም ድርጊቱን አሳዩ፤ በንግግራቸው ግን ቱርክኛ ብቻ ነው ሁልጊዜ ወደዚህ የሚያደላው። የአማርኛም ሥርዓት ይኸው ነው፤ «ልጁ ኳሱን ወረወረ»። ለመኩራራት ግን አንቸኩል። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት አድራጊውም ተደራጊውም ሰው ሲሆን፣ ለምሳሌ ሴቷ ወንዱን ስትገፋው፣ የእጁ ቅደም ተከተል ይለወጣል፤ ማን ማንን እንደገፋ እንዳይምታታ ይመስላል።

«ትንሽ ሕዝብ ቀላል ሰዋስው አለው»

በሩሲያ ዳግስታን ተራራ ላይ አርቺ የሚባል ቋንቋ አለ፤ ተናጋሪዎቹ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። የቋንቋ ምሁሩ አሌክሳንደር ኪብሪክ ባሰላው መሠረት አንድ የአርቺ ግስ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ቅርጾች ሊኖሩት ይችላል። ዓለምን ያዳረሰው የእንግሊዝኛ መደበኛ ግስ አራት ቅርጾች ይበቁታል።