አማካዩ ከፍ ሲል ከባድ ጠጪው ለምን ይበዛል?

«የአንድ ሕዝብ አማካይ የመጠጥ መጠን ከፍ ሲል የከባድ ጠጪዎች ቁጥርም ይጨምራል» የሚል ሐሳብ አለ። ፈረንሳዊው ሱሊ ሌደርማን በ1956 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። መጠጡ በሕዝቡ መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ያሰላበት ቀመር ብዙ ተተችቷል። በ1990 እ.ኤ.አ. ግን ተመራማሪዎቹ ጄፍሪ ሮዝና ሲሞን ዴይ የ32 አገሮችን መረጃ አይተው በአማካዩና በከባድ ጠጪዎች ቁጥር መካከል ያለውን ዝምድና አገኙት።

ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው፦ እኔ አንድ ጣሳ ጠላ ብጨምር ጎረቤቴ ምን አገባው?

ደሴ አንድ ጠላ ቤት እንግባ። ጣሳው ገና ሳይጎድል «በሞቴ፣ ትንሽ ልጨምርልህ» ይባላል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ሁለት የለመደው ሦስት ሲል፣ አራት የለመደው አምስት ይላል። ሁሉም አንድ እርምጃ ሲገፋ፣ ጠርዝ ላይ የነበረው ወደ ማዶ ይሻገራል። (እርግጥ ከባድ ጠጪው ራሱም አማካዩን ያሳድጋል፤ ስለዚህ ዝምድናው በከፊል የስሌት ጉዳይ ነው።)

ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። እስላምና ክርስቲያኑ ተዋልዶ፣ ቡናውን አብሮ ጠጥቶ ይኖራል፤ መጠጥ ጭራሽ የማይቀምሰው ብዙ ነው። 10 ሰው እንውሰድ። 5ቱ አይጠጡም። 4ቱ አንዳንድ ጣሳ። አንዱ 6። ድምሩ 10፣ አማካዩ በነፍስ ወከፍ 1 ጣሳ። ምን የመሰለ ጨዋ ቁጥር! ባለ 6ቱ ሰውዬ የት ገባ? ለጠጪዎቹ ብቻ ቢካፈል 2 ይሆናል፤ እሱም ቢሆን ሰውዬውን አያሳይም። ጣሳ ስል ለምሳሌ ነው እንጂ፣ ቅራሪና አረቄ እኩል ስላልሆኑ ተመራማሪዎቹ የሚቆጥሩት ንጹሑን አልኮል ነው።