የውሃ ማኅተም ምንድን ነው?

የውሃ ማኅተም ማለት በሲፎን (ከመታጠቢያ ወይም ከወለል መውረጃ ሥር ባለው የታጠፈ ቧንቧ) ጉልበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀርና ከሴፕቲክ ታንክ ወይም ከማንሆል የሚመጣው ጋዝ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ የሚዘጋው ውሃ ነው። በሙያው ቋንቋ "ዋተር ሲል" ወይም "ትራፕ ሲል" ይባላል። በዓለም አቀፉ የቧንቧ ኮድ፣ በአጭሩ አይፒሲ በሚባለው፣ ጥልቀቱ ከ50 ሚሊሜትር (2 ኢንች) ማነስ፣ ከ100 ሚሊሜትር (4 ኢንች) መብለጥ የለበትም።

ጥልቀቱ ከየት እስከ የት እንደሚለካ ለቧንቧ ኮድ ፈተና የሚቀመጥ ብዙ ተፈታኝ ይስታል። ከላይ ያለው መለኪያ "ዊር" ነው፤ ውሃው ሞልቶ ወደ ግድግዳው ቧንቧ የሚፈስበት አፋፍ። ከታች ያለው "ዲፕ" ይባላል፤ በታችኛው ጉልበት የውስጥ ጣሪያ ላይ ያለው፣ አየር ሾልኮ ማለፍ የሚጀምርበት ነጥብ። በሁለቱ መካከል ያለው ቁመት ነው ማኅተሙ። ከዲፕ በታች ያለው ውሃ የቱንም ያህል ቢበዛ አይቆጠርም። ስለዚህ ወፍራም ሲፎን የግድ ጥልቅ ማኅተም አለው ማለት አይደለም።

ለኮድ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ ቁጥሮቹን እንደ ስልክ ቁጥር ይሸመድዳል፤ ፈተናው ጥያቄውን ትንሽ ሲያጣምመው ይጠፋበታል። የኮዱን የፍሳሽና የቬንት (የፍሳሽ ቧንቧን ከውጭ አየር ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ) ምዕራፎች ግን ከዚህች 50 ሚሊሜትር ተነስቶ ወደ ኋላ ማንበብ ይቻላል። ተዳፋቱ፣ የቬንቱ ርቀት፣ የተከለከሉት ሲፎኖች፣ የጭስ ፍተሻው ግፊት፣ አብዛኞቹ ይህቺን ውሃ ለመጠበቅ የተጻፉ ናቸው።

ማኅተሙ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ በቁጥር እንይ። የ50 ሚሊሜትር ውሃ ግፊት 490 ፓስካል ገደማ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የከባቢ አየሩ ግፊት 82 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ከውጭው በ0.6 በመቶ ብቻ ቢለይ ማኅተሙ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። ከሦስተኛ ፎቅ የተለቀቀ የሽንት ቤት ውሃ በ110 ሚሊሜትር ቧንቧ ሲወርድ ከኋላው አየር ይስባል፣ ከፊቱ ያለውን ይገፋል፤ ቬንት ከሌለው ይህን ያህል ልዩነት ለመፍጠር አይቸገርም።

መሳብና መግፋት ማኅተሙን የሚያጠፉበት መንገድ ይለያያል። የሲፎኑ ሁለት ክንዶች እኩል ስፋት አላቸው እንበል። ቧንቧው በ25 ሚሊሜትር ውሃ ልክ ሲስብ፣ በክፍሉ በኩል ያለው ውሃ 25 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ በዊሩ በኩል ያለው ሞልቶ ይፈስሳል። መሳቡ ሲቆም ሁለቱ ክንዶች ይስተካከላሉ፤ የቀረው ማኅተም 37.5 ሚሊሜትር ነው። ያው መሳብ ቢደጋገም ተጨማሪ ውሃ አይወስድም፤ የሚወስደው የበረታ መሳብ ነው። 50 ሚሊሜትር ሲደርስ ግን አየር በዲፑ ሥር ያልፋል፣ የ"ግልግል" ድምፅ ይሰማል፣ ሽታም ይከተላል።

በመግፋት ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ውሃው ወደ ክፍሉ በኩል ከፍ እያለ ስለሚቋቋም፣ ሙሉ የሆነ የ50 ሚሊሜትር ማኅተም እስከ 100 ሚሊሜትር የሚደርስ ግፊት ሊይዝ ይችላል፤ የቀረው ውሃ 25 ከሆነ ግን አቅሙ ወደ 50 ይወርዳል። በትነት የጎደለ ሲፎን በምድር ቤት ቀድሞ የሚሸተውም ለዚህ ነው፤ ግፊቱ የሚበረታው ቁሙ ቧንቧ ወደ አግድም በሚታጠፍበት ሥር ላይ ነውና። አይፒሲ አግድም ቅርንጫፍ ከዚያ መታጠፊያ ቢያንስ የቁሙን ቧንቧ ዲያሜትር 10 እጥፍ ርቆ እንዲገባ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቁሙ ቧንቧ 100 ሚሊሜትር ከሆነ ርቀቱ 1 ሜትር ይሆናል። በአንድ የ90 ዲግሪ ኤልቦ ፈንታ ሁለት የ45 ዲግሪ መጠቀምም ግፊቱን ያለዝባል።

አሁን ወደ ቬንቱ። ከሲፎኑ ዊር እስከ ቬንቱ ያለው አግድም ቧንቧ "ትራፕ አርም" ይባላል፤ ርዝመቱ ደግሞ ፈተና የማያልፈው ጥያቄ ነው። በአይፒሲ 1¼ ኢንች ቧንቧ 5 ጫማ፣ 1½ ኢንች 6 ጫማ፣ 2 ኢንች 8 ጫማ ይፈቀድለታል። ሠንጠረዡን ሳይገልጡ ማውጣት ይቻላል። የእነዚህ ቧንቧዎች ተዳፋት በአንድ ጫማ ¼ ኢንች ነው። 6 ጫማ በ¼ ሲባዛ 1½ ኢንች ይመጣል፤ ልክ የቧንቧው ዲያሜትር። 5ቱም 8ቱም እንዲሁ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ትራፕ አርሙ ከራሱ ዲያሜትር በላይ ከወረደ የቬንቱ አፍ ከዊሩ በታች ይሆናል፤ ውሃው ቧንቧውን ሞልቶ ሲወርድ አየር ሊደርስለት ስለማይችል ሲፎኑን ጠጥቶት ይሄዳል። "ተዳፋት በበዛ ቁጥር ፍሳሹ ይሻላል" የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ስህተት ነው። በሜትር ለሚሠራ ሰው የ40 ሚሊሜትር ቧንቧ በ2 በመቶ ተዳፋት 2 ሜትር ላይ ወሰኑ ላይ ይደርሳል። ለ3 እና ለ4 ኢንች ቧንቧ ሠንጠረዡ በ⅛ ኢንች ተዳፋት 12 እና 16 ጫማ ይሰጣል፤ እነዚህ ከስሌቱ ስለማይወጡ መያዝ አለባቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዩፒሲ የሚባለው ሌላው ኮድ ለዚያው ቧንቧ ሌላ ቁጥር አለው፦ ለ1½ ኢንች 3 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ለ2 ኢንች 5 ጫማ። ከኢንተርኔት የወረደ የልምምድ ጥያቄ የሚሠራ ሰው የሁለቱን ኮዶች መልስ አደባልቆ ያጠናና ትክክለኛውን ስህተት ብሎ ይሰርዛል። የትኛው ኮድ፣ የትኛው ዓመት እትም የሚለው ከጥናቱ በፊት መታወቅ አለበት። ለአገር ውስጥ ዲዛይን ደግሞ የሕንፃ የቧንቧ አገልግሎትን የሚመለከት ኢቢሲኤስ 9 የሚባል የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ወጥቷል፤ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና በጽሑፍም በተግባርም ስለሚሰጥ ለእርሱ የሚዘጋጅ ሰው ቁጥሩን ማወቁ ብቻ አይበቃውም፣ በእጁም ሠርቶ ማሳየት አለበት።

የተከለከሉትን ሲፎኖች በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ኤስ ትራፕ ከዊሩ በኋላ ቀጥ ብሎ ወደ ወለል ስለሚወርድ ራሱን በራሱ ይጠጣል። ደወል ክዳን ያለው ፍሎር ድሬን (የወለል ውሃ መውረጃ)፣ በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው፣ ማኅተሙ ስስ ነው፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ፀጉር ለማውጣት ደወሉን አንስታ ካልመለሰችው ደግሞ ጨርሶ ማኅተም የለውም። ድርብ ሲፎንም አይፈቀድም፤ በሁለቱ መካከል የታሰረው አየር ፍሳሹን ይይዘዋል። እንደ አኮርዲዮን የሚጎተተው የፕላስቲክ ቱቦ ሌላው ችግር ነው። ጉልበቱ የሚቆመው ገጣሚው እንዳጎበጠው ነው፤ አንዱ 20 ሚሊሜትር፣ ሌላው 80 ያወጣል፤ የውስጡ ሽብሽብም ቅባትና ፀጉር ይይዛል። በተግባር ፈተና ላይ ቋሚ ጉልበት ያለውን ፒ ትራፕ ይምረጡ። ከዕቃው መውጫ እስከ ዊሩ ያለው ቁመት በአይፒሲ ከ610 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ከረዘመ ውሃው ፍጥነት ይዞ ይደርስና ማኅተሙን ይገፈትረዋል።

በባሕር ዳር ተዘግቶ በሚቆይ ክፍል ማኅተም የሚጠፋው ግን በመሳብም በመግፋትም ሳይሆን ዝም ብሎ በመትነን ነው። በሕንፃ አገልግሎት መማሪያዎች የሚጠቀሰው የትነት ልክ በሳምንት 2.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከጥምቀት እንግዶች በኋላ እስከ ፋሲካ ተቆልፎ የቆየ የፔንሲዮን ክፍል እናስብ፤ 13 ሳምንት ቢሆን 32.5 ሚሊሜትር ተንኗል፣ የቀረው 17.5 ነው። ይህ ልክ ለቀዝቃዛ አገር የተለመደ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ውሃው ፈጥኖ ይጎድላል። ክፍሉን የሚከፍተው ሰው ሽታው ከጣና ወይም ከሞላ ሴፕቲክ የመጣ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ሴፕቲኩን ለማስመጠጥ ገንዘብ ያወጣል። መፍትሔው በየሁለት ሳምንቱ በእያንዳንዱ ፍሎር ድሬን አንድ ሊትር ውሃ ማፍሰስ ነው። ክፍሉ ለወራት የሚዘጋ ከሆነ ከውሃው በኋላ ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ቢጨመር በላዩ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል። ኮዱ ለእንዲህ ያለው ቦታ ትራፕ ፕራይመርን፣ ማለትም በየጊዜው ጥቂት ውሃ የሚያንጠባጥብ መሣሪያን ያውቃል። የሹሩባ ፀጉር ወይም የጨርቅ ክር በዊሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረም እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን እየመጠጠ ወደ ቧንቧው ያወጣዋል፤ በየቀኑ በሚሠራበት ገላ መታጠቢያ አይታወቅም፣ በተዘጋ ክፍል ግን ትነቱን ያባብሰዋል።

ክረምት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በሐይቁ ዳር የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ስለሚቀርብ የሴፕቲኩ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሞላል፤ የፍሳሹ መውጫ በውሃ ሲሸፈን በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር መሄጃ ያጣና ወደ ምድር ቤት ሲፎኖች ይገፋል። ቬንቱ ክፍት ከሆነ ግፊቱን በጣሪያ በኩል ያስወጣል። ስለዚህ ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ በክዳን የተደፈነ ቬንት፣ ወይም ከኮርኒስ በላይ ቆርቆሮውን ሳያልፍ የቀረ ቬንት፣ ቬንት አይደለም። በአይፒሲ ኮዱን ያጸደቀው አካል በወሰነው ልክ ከጣሪያው በላይ መውጣት አለበት፤ ጣሪያው ሰው የሚቀመጥበት ሰገነት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 2.13 ሜትር። በሐይቁ ፊት ለፊት ሰገነት ያላቸው ሕንፃዎች በበዙበት ከተማ ይህ ቁጥር ችላ መባል የለበትም።

የፍተሻ ቁጥሮችም ከማኅተሙ ጋር ይያዛሉ። ግድግዳ ሳይዘጋ የሚደረገው የውሃ ፍተሻ 3 ሜትር (10 ጫማ) የውሃ ቁመት ለ15 ደቂቃ ነው። የአየር ፍተሻው 34.5 ኪሎፓስካል (5 ፒኤስአይ) ለ15 ደቂቃ ሲሆን በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ግን አይፒሲ በአየር መፈተሽን ይከለክላል፤ የተጨመቀ አየር ፒቪሲን ከሰነጠቀው ስብርባሪው ሰው ይጎዳል። ዕቃው ሁሉ ከተገጠመና ሲፎኖቹ ከተሞሉ በኋላ የሚደረገው የጭስ ፍተሻ 248 ፓስካል ብቻ ነው፣ ማለትም 25 ሚሊሜትር ውሃ። ለምን እንዲህ ትንሽ? ከዚያ በጣም ቢበልጥ ጭሱ ራሱ ማኅተሙን ሰብሮ ይወጣና የቧንቧው ፍንጣቂ ከሲፎኑ አይለይም።

ይህ ሁሉ የቧንቧው ኮድ ነው። በሜካኒካል ኮዱ ያው ውሃ በሌላ ቦታ ይገኛል፤ በአየር ማቀዝቀዣ የጤዛ ውሃ መውረጃ ላይ። ትልቅ ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ማራገቢያው ከማቀዝቀዣው ጥቅል በኋላ ከሆነ፣ የውሃ መቀበያው ሳህን ያለበት ክፍል አየር ይስባል። መውረጃው ሲፎን ከሌለው አየር በቧንቧው ወደ ላይ ይገባና ውሃው እንዳይወርድ ይይዘዋል፤ ሳህኑ ሞልቶ ኮርኒሱን ያረጥባል፤ ማራገቢያው ሲጠፋ በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ልኩ የሚወጣው ከማራገቢያው የመሳብ ግፊት ነው። መሳቡ 50 ሚሊሜትር ውሃ ከሆነ የሲፎኑ መውጫ ከሳህኑ መውጫ በ50 እና 25፣ በድምሩ በ75 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል፤ የማኅተሙ ጥልቀት ደግሞ የዚያ ግማሽ፣ 38 ያህል ይሆናል። ማሽኑ ለወራት ቆሞ ሲነሳ ይህ ሲፎን ደርቆ ስለሚገኝ ከማስነሳት በፊት ውሃ ይሞላ። በባሕር ዳር ሆቴሎች የተለመደው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፕሊት ማቀዝቀዣ በኮዱ የቅርብ ዓመታት እትሞች ሲፎን ወይም በመውረጃው ላይ ቼክ ቫልቭ (አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ቫልቭ) ሊኖረው ይገባል፤ ለሌላው ዕቃ ፈተናው "መቼ ያስፈልጋል?" ብሎ ሲጠይቅ የኮዱ መልስ "የዕቃው አምራች ሲጠይቅ" የሚለው ነው። የመውረጃው ውስጣዊ ልክ ከ19 ሚሊሜትር (¾ ኢንች) አያንስም፣ ተዳፋቱም ከ1 በመቶ። ወደ ፍሳሽ መስመር ሲገባ በቀጥታ አይጣበቅም፤ ያለበለዚያ የሴፕቲኩ ጋዝ በማቀዝቀዣው በኩል ወደ መኝታ ክፍል ይነፍሳል። ወደ መንገድ ለቆ አላፊ አግዳሚውን ማርጠብም በኮዱ የተከለከለ ነው።

ዓለም አቀፉ የኮድ ምክር ቤት የሚሰጣቸው የኢንስፔክተር ፈተናዎች መጽሐፍ ተገልጦ የሚሠሩ ስለሆኑ ቁጥሩ የሚገኝበትን ቦታ ማወቅ የጥናቱ ግማሽ ነው፦ ፍሳሽ ምዕራፍ 7፣ ቬንት ምዕራፍ 9፣ ሲፎን ምዕራፍ 10፣ ፍተሻ ክፍል 312፤ በሜካኒካል ኮዱ የጤዛ ውሃ ክፍል 307። በምዕራፍ 7 የጭነት ሠንጠረዥ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአንድ መታጠቢያ ቤት ያሉት በ6 ሊትር የሚለቀቅ ሽንት ቤት 3፣ እጅ መታጠቢያ 1፣ ሻወር 2 ፊክስቸር ዩኒት (የፍሳሽ ጭነት መለኪያ) ሲደመሩ 6 ይሆናሉ፤ ሠንጠረዡ ግን ሙሉውን የመታጠቢያ ቤት ስብስብ 5 ይለዋል፣ ሦስቱ በአንድ ጊዜ እምብዛም አይሠሩምና። ጥያቄው "ስብስብ" ካለ መልሱ 5 ነው፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከዘረዘረ ግን ይደመራሉ።

ለተግባሩ ፈተና የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ቀጭን እንጨት። የ3 ሜትር ቧንቧ በ2 በመቶ 60 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ሁለቱን ጫፎች በውሃ ልክ አስተያይተው ይለኩት። ሲፎኑን ሳይገጥሙ በፊት ጉልበቱን በውሃ ሞልተው ከዊሩ እስከ ዲፑ ያለውን በእንጨቱ ይፈትሹ። ከገጠሙ በኋላ መታጠቢያውን እስከ አፉ ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ ፍሳሹ ሲያልቅ "ግልግል" ካለ ትራፕ አርሙ ረዝሟል ወይም ቬንቱ ተዘግቷል፣ እናም ገምጋሚው ሳይሰማው በፊት እርስዎ ይፈልጉት።